በአክብሮት የሚነሳ ክንድ

ማክሰኞ ጠዋት ልጄ ወለላ በግራ እጇ ፍርፍር እየበላች ሳለ መዳኗ ተነገረኝ።

የኩሽናው ግድግዳ በተለመደው ለስላሳ ድምፁ አነበበው፦ «ወለላ ገዛኸኝ። ዕድሜ ሰባት ዓመት ከአሥር ወር። ቀኝ ክንድ፦ ሙሉ። ድጋፍ፦ ተቋርጧል። እንኳን ደስ ያላችሁ።»

ቀና ብዬ ልጄን አየኋት። ቀኝ ክንዷ እንደ ወትሮው ጭኗ ላይ ተጋድሟል። መዳፏ ወደ ውስጥ ዞሯል።

«ምን አለ?» አለችኝ፣ አፏን እንደሞላች።

«ድነሻል ይላል።»

ጎንበስ ብላ ክንዷን ተመለከተችው። «መቼ?»

በ2061 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ ግድግዳ የተናገረውን የሚጠራጠር ሰው የለም። ግድግዳው ዝናብ ይመጣል ካለ ሰው ጃንጥላ ይዞ ይወጣል። ፀሐይ ቢያገኘውም ጃንጥላውን እንደዘረጋ ይሄዳል።

መልእክቱ ለእድራችንም በራሱ ተልኮ ነበርና ረፋዱ ላይ ጎረቤቶች መምጣት ጀመሩ። ከሁሉ ቀድመው የደረሱት እትዬ ሮማን ናቸው፤ ድፎ ዳቦ ተሸክመው፣ ገና ከበሩ እልል እያሉ።

«የልብሽን አደረሰልሽ! አላልኩሽም?»

«እትዬ ሮማን፣ እስቲ ክንዷን ይዩት።»

«አየሁት እንጂ! ዳቦውን በሁለት እጇ አይደል እንዴ ዝቅ ብላ የተቀበለችኝ? እንዲህ ያለች ጨዋ ልጅ ጤና ያንሳታል?»

ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ ክንዷን የምታሳርፍበትን ወንበር አነሳ። ሐሙስ ዕለት ደግሞ በየሳምንቱ ትከሻዋን የሚያፍታታላት ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ስንሄድ በሩ ፊቷን አይቶ አልከፈተም። በመስኮት አየነው። እሱም አየን፣ እጁን አወዛወዘልንና ወደ ሥራው ተመለሰ። እነዚህን ሁሉ ልችላቸው እችል ነበር። የማልችለው የቀዶ ሕክምናውን ተራ ዝርዝር ነው። እንዲህ ያለ ክንድ እንዲነሳ ጅማት የሚያዛውሩት ሐኪሞች በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሐምሌ፣ ደሴ ይመጣሉ። ስምንት ዓመት ያለፈውን ልጅ አይቀበሉም፤ መገጣጠሚያው ከዚያ በኋላ ይደርቃል ይላሉ። ወለላ ነሐሴ ላይ ስምንት ይሞላታል። ሦስት ዓመት ጠብቃ በዝርዝሩ ላይ አሥራ አንደኛ ደርሳ ነበር። አሁን አሥራ አንደኛው ሌላ ልጅ ነው።

ወለላ ስትወለድ ትከሻዋ ተያዘ። ጎትተው ሲያወጧት ከአንገቷ ወደ ክንዷ የሚወርዱት ነርቮች ተበጠሱ። ማን ጎተተ፣ ለምን ጎተተ ብዬ ሁለት ዓመት ተሟግቻለሁ፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው፣ እዚህ እተወዋለሁ። ከዚያ ወዲህ የማውቀው አንድ እውነት የመኝታ ቤታችን መቃን ላይ ያለው የጠመኔ መስመር ነው። በየእሁዱ ወለላ ጀርባዋን መቃኑ ላይ ታስደግፋለች፣ ግራ እጇን ወደ ኋላ ትልካለች፣ ቀኟን ብቻ ታነሳለች። ጣቷ የደረሰበት ላይ አሰምራለሁ። እሷ ስታድግ መስመሩ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከደረቷ ግን አልፎ አያውቅም።

ያን እሁድ ሦስት ጊዜ ለካኋት። ደረቷ ላይ ቆመ።

«መዛኙ ማሽን አራት ሺህ ነጥብ ላይ ነው የሚለካት፤ አንቺ በጠመኔ» አለኝ ባለቤቴ ገዛኸኝ። እሱ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማሽን ተቆጣጣሪ ነው፤ ማሽን ሲሳሳት አይቶ አያውቅም፣ ወይም ያየውን እንዲጽፍ አልተቀጠረም።

«ጠመኔ ይዋሻል?»

«ይዋሻል አላልኩም። ግን ምናልባት እያየን ያላየነው ነገር ይኖር ይሆናል።»

«ክንዷ ተንጠልጥሏል፣ ገዛኸኝ!»

«እኮ። ምናልባት ለምዳው ይሆናል መንጠልጠሉን።»

ልጮህበት ነበር። ግን እውነቱን ልናገር፤ ሰኞ ጠዋት ወለላ ካልሲዋን ስታጠልቅ ከበር ኋላ ቆሜ ሰለልኳት። ልጄ ታታልለኝ ይሆን ብዬ። አንዲትን እናት እዚህ የሚያደርስ ምን ዓይነት መንግሥት ነው?

እኔ አቤቱታ ጸሐፊ ነኝ። ሕግ ተምሬያለሁ፣ ዳኞች በግድግዳ ከተተኩ ወዲህ ሰዎች ለግድግዳው የሚሉትን እጽፍላቸዋለሁ። ስለዚህ መብታችንን አውቃለሁ፤ ወለላ በቅርቡ የተመዘነችበትን የምስል ቅጂ ጠየቅሁ። መጣልኝ።

የአካል ምዘና ጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ አንድ ትልቅ መስታወት አለ። መስታወቱ ውስጥ የአሮጊት ፊት አለ፤ ነጭ ጸጉር፣ የተጨማደደ ግንባር፣ አንገቷ ላይ ማተብም ክታብም ሊሆን የሚችል ክር። እማማ ይሏታል። ድሮ መስታወቱ ባዶ ሳለ ሰው ይሰድበው፣ በጫማው ይመታው ነበር። የሠሩት ሰዎች ሞኝ አይደሉም፤ እኛ ሽበት ላይ እንደማንጮህ ሲያውቁ ሽበት ቀቡት። ከመስታወቱ ሥር ለሰላምታ የሚዘረጋ የጎማ እጅ አለ።

በቅጂው ላይ እማማ «ነይ የኔ ልጅ፣ ሰላም በይኝ» ትላለች። ወለላ ትጠጋለች። ግራ መዳፏን ከቀኝ ክርኗ ሥር ታስገባለች፣ ክንዷን አንስታ የጎማው እጅ ላይ ታኖረዋለች፣ አንገቷን ትሰብራለች። ማንኛውም በሥርዓት ያደገ ልጅ ለታላቅ ሰው እንደሚያደርገው።

ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «የአክብሮት ሰላምታ። ደጋፊው እጅ ከምዘናው ወጥቷል።»

ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ደግሜ አነበብኩት። አውቀዋለሁ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከስድስት ዓመት በፊት መዛኙ ከውጭ እንደመጣ ነበር። ታላቁን ሲጨብጥ ክርኑን የሚደግፈውን ሁሉ አካል ጉዳተኛ ብሎ መዘገበ። የገዛኸኝ አባት፣ በሰባ ዓመታቸው ማሳ የሚያርሱ ሰው፣ ለእማማ አክብሮት ስላሳዩ ትራክተር የመንዳት ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። ደሜ ፈላ። «ባህላችንን በሽታ አደረጉት!» ብዬ አርባ ገጽ ጻፍኩ። መዛኙ የአክብሮት ሰላምታን እንዲለይ፣ ደጋፊው እጅም ከምዘናው እንዲወጣ ጠየቅሁ። አሸነፍኩ። በከተማው ሬዲዮ አነበቡት፣ ሰው በመንገድ እያስቆመ መረቀኝ።

ወለላ ያኔ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። ሦስት ሲሞላት አንድ ሠርግ ላይ ሴቶች ተደርድረው «ይቺ ልጅ እጇ ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ። አንዷ ጠየቀች፣ ሁለተኛዋ ጠየቀች፣ አምስተኛዋ ላይ ደከመኝ። ቤት ስንገባ ልጄን ከፊቴ አቁሜ በግራ እጇ ቀኟን እንዴት እንደምታነሳ አስተማርኳት። «ለትልቅ ሰው እንዲህ ነው» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም አልጠየቀም። ሁሉም መረቀ።

ስለዚህ ጥፋተኛ የምፈልግ ከሆነ ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም። ግን እኔን ወንጅዬ እነሱን በነፃ አልለቅም። አክብሮት የተማረ ማሽን ሰው ማየት ለምን አልተማረም?

ሕጉ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ አንድ ዳግም ምዘና ይፈቅዳል። ቃል አይመዘገብም፣ የሐኪም ወረቀት አይታይም፤ የሚታየው አካሉ ብቻ ነው። መታሰርም ክልክል ነው፤ ግራ እጇን በነጠላ ላስር አስቤ ነበር። የቀረኝ መንገድ አንድ ነው። ልጄን ማባለግ።

ጋቢ ተከናንቤ፣ ድምፄን አወፍሬ ሳሎን ውስጥ ተቀመጥኩ። «ነይ የኔ ልጅ፣ ሰላም በይኝ።»

ወለላ ሳቀች። «አንቺ እኮ አሮጊት አትመስይም። የታመመ ሰው ነው የምትመስይው።»

«ግራሽ ኪስሽ ውስጥ። ቀኝሽን ብቻ።»

ሞከረች። ደረቷ ጋ ደረሰና ቆመ።

«እንደዚህ። በቃ፣ እንደዚህ ብቻ።»

«እማዬ፣ ለትልቅ ሰው እንዲህ ማድረግ ነውር ነው አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«አሁን ነውር አይደለም?»

«ለዚያች ሴትዮ አይደለም።»

«ምን አድርጋን ነው?»

በቀን አርባ ጊዜ አለማመድኳት። በአምስተኛው ቀን ግራ እጇ ከኪሷ አልወጣ አለ። እትዬ ሮማን መንገድ ላይ ሰላም ሲሏት ኪሷን ይዛ ቆመች፤ እትዬ ሮማንም ለእኔ «ከዳነች ወዲህ ጠገበች» አሉኝ።

የዳግም ምዘናው ቀን በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ አንዲት ፈታሽ ነበሩ፤ እትዬ ዘሀራ። በሩ ራሱ ሰውን እስከ አጥንቱ ያያል፤ የሰው ፈታሽ የቀረው ደንቡን መሰረዝ ስለተረሳ ነው። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ደም ያለው ሠራተኛ እሳቸው ብቻ ናቸው።

«እጅ ወደ ላይ፣ የኔ ቆንጆ።»

ወለላ ግራዋን ሰማይ ድረስ ላከች። ቀኟ ደረቷ ላይ ቀረ። በሩ ጮኸ፦ «ትእዛዝ አልተቀበለችም።»

እትዬ ዘሀራ በመዳፋቸው ቀስ ብለው ትከሻዋን ዳሰሱ። «አይነሳም?»

«አይነሳም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተወለድኩ።»

እንደ ጡብ የወፈረ የወረቀት መዝገብ ከጠረጴዛቸው ሥር አወጡ። «በሩ እምቢ አሉ ያላቸውን ሁሉ ከነምክንያቱ በእጅ ጻፊ ተብያለሁ። ማንም አያነበውም፣ እኔ ግን እጽፋለሁ» አሉና ጻፉ፦ «ቀኝ ክንድ ከትከሻ አይነሳም። ልጅቱ እምቢ አላለችም።»

ገባን። እማማ ፈገግ አለች። የጎማው እጅ ተዘረጋ።

ወለላ ግራዋን ኪሷ ውስጥ እንደያዘች ቀኟን አነሳች። ደረቷ ላይ ቆመ፣ ተንቀጠቀጠ። ልቤ «በርቺ» አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትንፋሽ።

የእማማ ፈገግታ ቀስ ብሎ ጠፋ። ዓይኖቿ እንባ ሞሉ። እንዲያለቅሱ ተደርገው ነው የተሠሩት። «ምነው የኔ ልጅ፣ ምን በደልኩሽ?» አለች።

ግራ እጇ ከኪሷ ወጣ። ወለላ ያወጣችው አይመስለኝም፤ በራሱ ነው የወጣው። ክርኗን ደገፈ፣ ክንዷን አነሳ፣ የጎማው እጅ ላይ አኖረው። አንገቷን ሰበረች።

«ተባረኪ፣ እደጊ» አለች እማማ። «ቀኝ ክንድ፦ ሙሉ።»

የዚያን ጊዜ ጮህኩ። ምን እንዳልኩ አልደግመውም። አዳራሹ መብራቱን ቀንሶ «በታላቅ ላይ አይጮህም» አለኝ።

ወደ በሩ ስንመለስ ወለላ «ይቅርታ እማዬ፣ አለቀሰች እኮ» አለችኝ። ምን ልበላት? አንጀቷ የራራ ልጅ ስላሳደግሁ ልቆጣት?

እትዬ ዘሀራ ፊቴን አይተው ሁሉንም ተረዱ። መዝገቡን ሳየው ሙያዬ ትዝ አለኝ። በአንድ መሥሪያ ቤት፣ በአንድ ቀን፣ ስለ አንድ ሰው ሁለት የሚጋጭ ቃል ከተመዘገበ ውሳኔው ይታገዳል። እዚያው ቆሜ አቤቱታውን ጻፍኩ። መልሱ ሻይ ሳይቀዘቅዝ መጣ፦ «ቃሎቹ ታርቀዋል። የልጅቷ ክንድ ለታላላቆች ይነሳል። ለሌሎች አይነሳም።»

እትዬ ዘሀራ በትከሻዬ ላይ አሻግረው አነበቡት። «ለሌሎች? ማናቸው ሌሎች?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ? ስድሳ አንድ ዓመቴ እኮ ነው! ወላሂ ይሄ በር ሲተከል ጉድጓዱን ሲቆፍሩ ውኃ ያቀበልኩ እኔ ነኝ። ያቺ የመስታወት ሴትዮ ታላቅ፣ እኔ ሌላ?»

ሲቆጡ እያየሁ ሌላ ሕግ ትዝ አለኝ። ሁሉን ነገር ለማሽን ስናስረክብ አንድ ነገር ብቻ ሽማግሌዎቹ አናስረክብም ብለው ነበር፤ ታናሽ ታላቁን የናቀ እንደሆነ የሚሰማው በሰው ፊት፣ በሦስት ሽማግሌ ነው። የሦስቱ ቃል መዝገብ ላይ ይገባል፣ ማንም ግድግዳ አይሽረውም።

«እትዬ ዘሀራ» አልኳቸው፣ «ልጄን ይክሰሱልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«እጅሽን አንሺ ብላት ናቀችኝ ብለው።»

ወለላን አዩዋት። ክርኗን ይዛ ቆማለች። «አላህ ይቅር ይበለኝ» አሉ፤ ፈረሙ።

ቤት ገብተን ሳስረዳትም ወለላ አልገባትም። እኔም አልገባኝም፣ ግን እናት ስለሆንኩ የገባኝ መምሰል ነበረብኝ።

«አልናቅኳቸውም!»

«አውቃለሁ።»

«እሳቸውስ ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ።»

«ታዲያ ለምን ይከሱኛል?»

«ሰው እንዲያይሽ።»

ሁለት ቀን አለቀሰች። ገዛኸኝ በሦስተኛው ቀን «ልጄን ባለጌ አስብለሽ ልታድኛት?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ከዚያ መልሱ ትክክል መሆኑን ሳስብ ዋልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ከጽሕፈት ቤቱ ግቢ፣ ድሮ መኪና ይቆምበት በነበረው ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። መሐል ላይ ሐጂ ይመር ነበሩ፤ ሰማንያ አምስት ዓመታቸው፣ ዓይናቸው ግን መርፌ ለይቶ ያያል። ዱዓ አደረጉ፣ ክሱ ተነበበ። እትዬ ዘሀራ መሬት መሬት ያያሉ።

«ነይ ልጄ» አሉ ሐጂ ይመር። «ሰላም በይኝ እስቲ።»

ወለላ ወደ እኔ ዞረች። መጀመሪያ «አድርጊ»፣ ቀጥሎ «አታድርጊ» ያልኳት እኔ ነኝ። ሦስተኛ ትእዛዝ አልነበረኝም። «እንደፈለግሽ» አልኳት።

ጠጋ አለች። ግራ መዳፏን ከክርኗ ሥር አስገብታ ክንዷን አነሳች፣ አንገቷን ሰበረች።

ሁለቱ ሽማግሌዎች «ተባረኪ» አሉ፣ አንደኛው «ይቺ ናት እንዴ ንቃለች የተባለችው?» ብለው ሳቁ። ሁሉም ነገር ያከተመ መሰለኝ። ሐጂ ይመር ግን ክንዷን አልለቀቁም። ግራ እጇን በሁለት ጣታቸው ያዙና ቀስ አድርገው ከክርኗ ሥር አወጡት። ከዚያ የያዙትን ቀኟን ለቀቁ።

ክንዱ እንደ እርጥብ ፎጣ ወደቀ።

ሐጂ ይመር ጎንበስ ብለው ክንዷን ራሳቸው አነሱት፣ ጉልበታቸው ላይ አኖሩት፣ ዳሰሱት።

«እኔ እኮ አክብሮት መስሎኝ ነበር» አሉ።

«ነው እኮ» አለች ወለላ።

«አይ ልጄ፣ ክንድሽ ስለማይነሳ ነው።»

«እሱም ነው።»

«ታዲያ የቱ ነው?»

«ሁለቱም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ለክሱ የተዘጋጀው ቅጽ ላይ ያሉት ሁለት ሳጥኖች ናቸው፦ «ንቃለች» እና «ክንዷ ስለማይነሳ አልናቀችም»። አክብራለች የሚል ሳጥን የለም። ሐጂ ይመር ብዕሩን አንስተው «ይህን ወረቀት የሠራው ልጅ ወልዶ ያውቃል?» ብለው ጠየቁ። ሁለተኛው ላይ ምልክት አደረጉ።

ግድግዳችን ማምሻውን አነበበው፦ «ወለላ ገዛኸኝ። ቀኝ ክንድ፦ አይነሳም። ድጋፍ፦ ተመልሷል። የደሴ ተራ፦ አሥራ አንድ። ቀደም ሲል የተመዘገቡ የአክብሮት ሰላምታዎች በሙሉ ተሰርዘዋል።»

ገዛኸኝ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እኔ እልል ማለት ነበረብኝ፤ የጠየቅሁትን አግኝቻለሁ። ግን የተሰረዙት ሰላምታዎች ስንት ይሆኑ? ለእትዬ ሮማን፣ ለአያቷ፣ ለእድሩ ሰው ሁሉ ያቀረበችው። አንድም ጊዜ ማንንም አላከበረችም ማለት ነው? ሌላ አርባ ገጽ ልጽፍ ወረቀት አወጣሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። ባለፈው አርባ ገጽ ጽፌ ያደረስኩትን አውቃለሁ።

ሐምሌ ሦስት ወደ ደሴ ከመሳፈራችን በፊት ወለላ እትዬ ዘሀራን ልሰናበት አለች። በሩ ላይ ቆመው ነበር። ገና ከሩቅ ሲያዩዋት «ለኔ አታንሺው፣ የኔ እናት፣ አውቄዋለሁ እኮ!» ብለው ጮኹ።

ወለላ እርምጃዋን ቀጠለች። ፊታቸው ቆመች። ግራ መዳፏን ከክርኗ ሥር አስገባች፣ ክንዷን አነሳች፣ እጃቸው ላይ አኖረችው።

እትዬ ዘሀራ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። በሩ አልጮኸም፣ ምንም አልመዘገበም። እኔ አምስት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር፤ ልጄን ከተወለደች ጀምሮ በጠመኔ ስለካት የኖርኩ ሴት ነኝ፣ ያን ጊዜ ያየሁት ግን አክብሮት ይሁን የማይነሳ ክንድ፣ የቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።